ስንጥብ

አንሶላ ሰቅላለች በጥቁር ሰሌዳ፣
ለእንግዳ የሚነጠፍ፣ የወጣ ከጓዳ፤
እኔ ሱፐርቫይዘር፣ በሩ አጠገብ ቁጭ፣
ቅጽ ጭኔ ላይ ጥዬ፣ ዓይኔን ቁልጭ ቁልጭ።

ባንሶላው ላይ ዋኘ ሰማያዊ ዓሣ፣
መረብ የማያውቀው፣ በኛ በሐዋሳ።
«በሳንባ አይደለም ዓሣ የሚተነፍሰው—»
ድርግም።
          ዓሣውን መብራት ኃይል ጎረሰው።

ስልሳ ሰባት ጉሮሮ ባንድ አፍ «ውይ!» አለ፤
ቆርቆሮው ላይ አባ ኮዳ ደንግጦ ዘለለ።
መምህርት ዳንጊሴ አንዴ ተነፈሰች፣
«ዓሣ በእጁ የያዘ?» ብላ ጠየቀች።

ቡሪሶ ተነሣ፣ ከኋላ ያለው፣
ስሙ ሲጠራ እንኳ «አቤት» የማይለው፤
ለሆቴል የሚያደርሰው ቆሮሶ በፌስታል
ከዴስኩ ሥር አለ፤ ያወጣል፣ ይከፍታል፤
አውራ ጣቱን ሰዶ ቀዩን ስንጥብ ገልጦ
«ባፉ ገብቶ፣ በዚህ…» አለ፣ ዓይኑ ፈጦ፤
ግማሹን በሲዳምኛ፣ ግማሹን በጣት።
የፊት ወንበር ሁሉ ኋላ መጣለት።

መብራት መጣ ደግሞ። ዓሣው ዋኘ ብቻውን።
ቅጹ ይጠይቃል የማስተማር ዘዴውን፤
«ገለጻ»፣ «በቡድን»፣ «ቴክኖሎጂ»…
የቱን ልምረጥ ብዬ እስክሪብቶ ሳነሣ፣
ባዶው ሣጥን ላይ ተለጥፏል
ቅርፊት፣ የዚያ ዓሣ።