ስለ ጦይባ የተጠየቅሁት

ታኅሣሥ ነው፤ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ግቢውን ውጦታል፣
የመዝገብ ቤቱ በር እንኳ በዳበሳ ይከፈታል።
ጦይባ አራጋው ስንጥቅ ስልኳን ይዛ ገባች፦
«ጋሼ ደምሌ፣ ‹አማካሪ› የሚል ቦታ አለ፤ ማንን ልሙላ?» አለች።

እኔ ነኝ እንግዲህ።
ሃያ ስድስት ዓመት ካርድ ስገለብጥ፣
«ነገ ተመለሺ፣ ፎቶሽን ለጥፊ» ስል፣ ማኅተም ስረግጥ፣
ማንን መክሬ አውቃለሁ?
ግን ሌላ ሰው የለም፤ ወንበር ሳብኩላት፣
እሷ እየተረጎመች፣ እኔ እየመለስኩላት።

አሜሪካ ያለ ኮሌጅ ነው፤ ከመቶ አመልካች አራት የሚወስድ፤
ይጠይቃል እንደ ሽማግሌ፣ ከስም እስከ ዘመድ።

«አማካሪው ስንት ተማሪ አለው?»
ሁለት ሺህ አራት መቶ ስድስት፣ የማታው ሳይቆጠር።
«የቤተሰብ ስም?»
አራጋው የአባቷ ነው። «አያትሽን ስጫቸው» አልኳት፣ ይመር።
ወልድያ እንኳ ሄዶ ያላደረ ሰው፣ አፈሩን ያቅልልለት፣
ቦስተን ላይ ሊጠራ ነው፣ ሚስ ይመር ተብሎ እንደ ሴት።

«የልደት ቀን?» ጳጉሜ ሦስት።
ፎርሙ አስራ ሁለት ወር ነው፤ የእሷ ወር ከየት ይምጣ?
ጣት ቆጥረን ሴፕቴምበር አስገባናት፤
ስምንት ዓመት ዘለለች፣ እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጣ።

«የወላጅ ዓመታዊ ገቢ፣ በዶላር?»
አራጋው ቧንቧ ውሃ ጎሚስታ ነው፤ ገቢው እንደ ጎማው፣
አንድ ቀን ይነፋል፣ ሳምንቱን ይተነፍሳል፤
ከባድ መኪና ሲያልፍ ቤቱ ዘይት ይቀምሳል፣
መንገድ ሲዘጋ የባለሱቁ የዱቤ ደብተር ገጽ ያንሳል።
«ይህን ጻፊው» አልኳት።
«ሳጥኑ ቁጥር ብቻ ነው የሚቀበለው።»

የማመልከቻ ሰባ አምስት ዶላር፤ አለዚያ አማካሪው
«መክፈል አትችልም» ብሎ ይመስክር ይላል።
ድህነትም እዚያ አገር በምስክር ነው፤
እዚህ ጫማዋን ማየት ይበቃው ነበር።

«ከትምህርት ውጪ ምን ትሠራለች?»
«ምንም» ብላ አቀረቀረች።
ከጥፍሯ ሥር የማስቲሽ ጥቁር ነበር።

«የዘጠነኛ ክፍል ውጤት ለምን ጎደለ?
በሁለት መቶ ሃምሳ ፊደል ያብራሩ።»
ያ ኅዳር ነው፤ መደርደሪያው ተገንድሶ፣
የስንቱ ልጅ ካርድ ለእሳት መለኮሻ ደርሶ።
ገበታው ላይ ያለው ፊደል ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ነው፤
ከሀ እስከ ፐ እያንዳንዱን አንዳንድ ጊዜ ብጽፈው፣
ያን ኅዳር አይናገረውም።
«ጦርነት ነበር» ብዬ ተውኩት፤
ሁለት መቶ አርባ ሦስት ፊደል ተረፈኝ።

መጨረሻው ላይ፦
«በሥራ ዘመንዎ ካዩዋቸው ሁሉ የት ትመደባለች?»
ጥሩ፣ በጣም ጥሩ፣ ከሁሉም የላቀች።

ጣቴ ቆመ።
ዘቢባ ነበረች፣ የሐርቡዋ፣
ሒሳብ በቃሏ ሠርታ መምህሩን የምታርም፤
አስረኛ ላይ ካርዷን ፈርማ ወስዳ ጅዳ ሄደች፣
ስለ እሷ ማንም ፎርም አልላከልኝም።
አሁን በሰው ወጥ ቤት ምን እንደምትደምር እንጃ።

ጦይባ ስልኩን እያየች ትጠብቃለች።
«ከሁሉም የላቀች» አልኩ። ዘቢባ ትፍረደኝ።
ማኅተሜን ሳነሣ «አያስፈልግም፣ ጋሼ» አለች፤
ባዶ ወረቀት ላይ ረገጥኩት።

ቀኑ የሚዘጋው በእነሱ እኩለ ሌሊት፣ በእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት፤
ፒያሳ ቆማ፣ ኔትወርኩ ሲመጣ ሲሄድ፣
አምስት ደቂቃ ሲቀር ላከችው አሉ።

መልሱ መጋቢት ነው፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ።
እስከዚያ የጎደለውን መዝገብ እንደገና እጽፋለሁ፣
መምህራኑን እየጠየቅሁ፣ የድሮ ደብተር እያየሁ፤
ከ«ጠ» ጀምሬ ወደ ኋላ፣
«ዘ» ላይ ደርሻለሁ።