ብር ስንት ብር ነው?

ሐሙስ፣ ሱሉልታ ላይ፣ ውርጩ ሳይገፈፍ፣
የወተት መኪናው በር ላይ ሲሰለፍ፣
እኔ ሒሳብ ያዧ፣ ደረሰኜን ትቼ፣
የአክስቴን ጣሳ ከሻንጣ አውጥቼ፣
አንድ፣ ሁለት አልኩኝ፤ ሰባት ጠገራ፤
ስድስቱ እንዲሁ፣ አንዷ በጨርቅ ታስራ።

ከዲንቄ ጎታ ሥር የወጣ የኒዶ ጣሳ
ቀብሯ ሳይበርድ ወንድሜን ሌሊሳን ያስነሣ፤
«ፒያሳ ስንት ነው? ጠይቂ እንጂ!» ይላል፣
በቀን ሦስት ጊዜ ስልኬን ያቃጥላል።

የቅቤውን ሚዛን ጠርጌ አስቀመጥኳት።
ሃያ ስምንት ግራም አለች የመጀመሪያዋ፤
ጥርስ የነከሳትም ያው ነው ክብደቷ።
የዛሬውን ዋጋ ከስልኬ ቀድቼ
በደረሰኝ ጀርባ ደምሬ፣ አባዝቼ
ወጣልኝ አንድ ቁጥር፤ አየሁት እንደ ጉድ፦
የአንድ ጥጃ ዋጋ፣ ያውም ጥጃው ወንድ።

አንጥረኛው ጋሽ ሽታው ሚዛኔን ናቀው።
«ልጄ፣ ማን ማንን ሊመዝን ነው?
ወርቅ ይለካ ነበር ድሮ በዚች ሚዛን፤
ጠገራ ማለት ወቄት፣ ወቄት ማለት ጠገራ።
ክንድሽን በክንድሽ ለክተሽ ታውቂያለሽ?
ዛሬ ተመዛኝ ሆና
ይኸው ፕላስቲክ ሳህን ላይ ተኛች።»

የሴትዮዋን የትከሻ ጌጥ በጥፍሩ ዳሰሰ፤
ዘጠኝ ፍሬ ቆጠረ፣ ከንፈሩን አራሰ።
ዓመቷን ጠየቅሁት። ሣቀ።
«ዓመቱማ ሁሉም ላይ አንድ ነው፤
ትናንት የተመታውም ያንኑ ዘመን ነው የሚለው።
ሴትዮዋ ከሞተች ቆየች፤ ብሯ ግን መወለዱን አልተወም።
ዕድሜዋን አትጠይቂያት፤ ድምጿን ስሚ።»

መስፉ ላይ ጣላት። ጮኸች፤ ረጅም፣ ቀጭን፤
ቆርቆሮውን ዞሮ ተመለሰ ድምጿ።
ሁለተኛዋም። ሦስተኛዋም። እስከ ስድስት።
ሰባተኛዋን ከጨርቋ ፈትቼ ሰጠሁት።
ጧ!
እንደ ቢራ ቆርኪ።
ጋሽ ሽታው እጁን ቀስ ብሎ ሰበሰበ፤
«እርሳስ ነው» አለኝ፣ «ብር የለበሰ።»

ጨርቋን ልጥል ስል ውስጧ ኮሽ አለ፤
ወረቀት ነበረ፣ የተጠቀለለ፣
የደብተራ እጅ ጽሕፈት፣ ቀለሙ የሸሸ፦

«እኔ በዳሳ ጉርሙ
ከኮሶው ዛፍ እስከ ወንዙ ያለውን መሬት
በሰባት ጠገራ ሸጫለሁ።
ስድስቱን ተቀብያለሁ።
ሰባተኛው አልጮኸም።
ለዳኛ ይታያል።»

ከሥሩ የአያቴ አውራ ጣት፣ ሰማያዊ፣
እንደ ታረሰ ማሳ፣ መስመር በመስመር።

የትኛው ዳኛ? አያቴ ሞተ። ገዢው ሞተ።
ዲንቄ ይዛት ቆየች፣ ሳትናገር፣
ከጎታ ጎታ እያዛወረች።
መሬቱም ስንት ጊዜ ጌታውን ቀየረ፤
ኮሶው ተቆረጠ፣ የብረት አጥር ታጠረ፤
ዛሬ ቪላ አለበት፣ ባለ ሁለት ፎቅ፣
ዘበኛው ወተታችንን
በበሩ ቀዳዳ ይቀበለናል፤
አንድም ቀን «ግቡ» ብሎ አያውቅ።

ደላላውን «እዚያ ካሬ ስንት ነው?» አልኩት።
ስድስቱን ጠገራ ለካሬው አካፈልኩት፦
አንድ እግር ያስቆማል።
ሌላውን እግር እንጃ።

ስድስቱ ተሸጡ። ሌሊሳ ድርሻውን ሁለቴ ቆጥሮ ወሰደ።
ሰባተኛዋ መሳቢያዬ ውስጥ ናት፣
«ያልተከፈለ» የሚል ዶሴ ላይ።
«ጣያት፣ አምስት ሳንቲም አታወጣም» ብሎኛል ጋሽ ሽታው።
እውነቱን ነው።
እኔ ግን ሒሳብ ያዥ ነኝ፤
ከሰባት ስድስት ሲቀነስ
የሚቀረውን ዜሮ ብዬ መጻፍ አልተማርኩም።

መኪናው ወተቱን ጭኖ ሲወርድ
ጠረጴዛው ላይ እጥላታለሁ።
ጧ።

ትናንት ደወለ፦ «ያቺ ሰባተኛዋስ?»
«ገና ናት» አልኩት፣
«ቀጠሮ ላይ ነች።»