የተሰረዘ የምርጫ ክልል

ሣጥኑን በደንገል ታንኳ አንለይ እየቀዘፈ፣
ደሴቱ ዳር ሳንደርስ ሌቱ ከግማሽ አለፈ።
ማኅተሙን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ መዝገቡን ኩታዬን አልብሼ፣
ወረቀቱ ደረቅ ወጣ፤ የወረድሁት እኔ ነኝ ርሼ።

የቀደመው ዓይነ ስውሩ ይርሳው ነበር።
«ቀለሙ ያዘ ወይ?» አለኝ፣ ጣቱን ለፀሐይ ዘርግቶ፤
እጁን ኪስ ሳይከት ዋለ፣ እንዳይለቅበት ፈርቶ።

ታዛቢው እንግሊዛዊ ነበር፣ አፍንጫውን ፀሐይ የላጠው፤
«እኔም ነበረኝ» አለ፣ «ለአውሮጳ ሸንጎ የመረጥሁበት፣ ኋላ ካርታ የዋጠው።»
አዘንሁለት። ዓሣ ጋበዝሁት።

ዘንድሮ ደብዳቤ መጣ፦ የኛም ለሁለት ተከፍሎ፣
ግማሹ ለባሕር ዳር፣ ግማሹ ለወዲያኛው ተጠቅልሎ።
የእርሳሱ መስመር ያለፈው ታንኳው ከሚታሰርበት፣ ከዋንዛው ሥር ነውና፣
ከማዶ ጠራሁት ዛሬ፦
«አንለይ!»
ስም ነው ወይስ ልመና?