ቀሪ

ጡረታ ወጥቼ ወፍራም መጻሕፍት ስለይ፣
የስም መጥሪያ ደብተር ወደቀ ከላይ፤
የዘጠና ስድስት ነው፣ ጠርዙን ምስጥ የበላው፣
ገጹ ሲገለጥ ዝገት ዝገት የሚለው።
ከአርባ አንዱ ስም መሐል፣ ከአንዱ ስም ትይዩ፣
በቀይ እስክሪብቶ፦
ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ፣
እስከ ሰኔ ድረስ።
ነስሩ አባ ጨብሳ።

ያን ጊዜ ቀመሬ ንጹሕ ነበር፣ አጭር፦
መሬት ስንት፣ እጅ ስንት፣ ስንት ነውስ ብር፤
ሦስቱን አዋቅረው፣ ምርት ይወጣል።
ሸምሲያ፣ የጎማ ልጅ፣ እጇን አወጣች፦
«ሁለት አጎቶች አሉኝ። እኩል ነው መሬታቸው፣
እኩል ነው ጉልበታቸው፣ እኩል ነው እዳቸው፤
አንዱ ሃያ ኩንታል፣ አንዱ አርባ ይሸጣል።
መምህር፣ ያ ሃያው ከየት ነው የመጣው?»
ጠመኔ ጨብጬ ቆምኩ ዝም ብዬ፣
«እሱማ ቀሪ ነው» አልኩ ተደላድዬ፤
«እንደ ዝናብ ከሰማይ በራሱ የሚወርድ፣
መጽሐፉም ከየት መጣህ የማይለው።»
ጻፉት። እኔም አመንኩት።
ለማናውቀው ነገር ስም ስላወጣን
ያወቅነው መሰለን።

በሌላ ዓመት ሌላ መጽሐፍ መጣ።
ፈጠራ ማዕበል ነው ይላል፣
ቤት ሳያፈርስ ቤት የማይሠራ።
ወደድኩት። መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ
ጮኬ አስተማርኩት።
በዚያው ሰሞን መርካቶ በኩል
የጀንፈል መቀሸሪያ ሞተር ተተከለ፤
በሙቀጫ ወቅጠው በጣሳ የሚከፈላቸው እነ ዘይቱና
ሙቀጫቸውን ደፍተው ተቀመጡበት።
ሳልፍ «እንዴት ዋሉ መምህር» አለችኝ።
ደህና፣ አልኳት።
ማዕበል መሆኑን አልነገርኳትም።

ከዚያ መጣ ደግሞ ሦስተኛው፣ ለስላሳው፦
ሐሳብ እንደ በሬ አይደለም፣
አሥር ሰው በአንድ ማለዳ ያርስበታል፤
ለጎረቤት ፍም የሰጠ ምድጃ አይበርድም፣
ይልቅ ሰፈሩ ይሞቃል።
ይህን ሳስተምር እኔንም ሞቀኝ።
እንጨቱን ማን ለቀመው የሚለው ጥያቄ ግን
ፈተና ላይ አልወጣም።

ባለፈው ማክሰኞ የአልጋዬ እግር ተሰብሮ
በባጃጅ ወሰድኩት፣ አጂፕ ጀርባ፣ ብየዳ ቤት።
መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ አንድ ሰው ቀና አለ፣
ሽበት የጀመረው፣ ጉንጩ ጥላሸት፦
«ቀሪው ነኝ፣ መምህር።»
ከኋላው የእሸት ቡና መፈልፈያ ቆሟል፣
ሆዱ የዘይት በርሜል፣ ጥርሱ የአርማታ ብረት፣
መዘውሩ የሆነ ልጅ ብስክሌት።
«እርስዎ ስም ሲጠሩ እኔ እዚህ ነበርኩ።
አሥራ አንድ ጊዜ ፍሬውን ጨፈለቀብኝ፣
አሥራ አንድ ጊዜ ከሰርኩ።
በአሥራ ሁለተኛው ያቺ ወቃጭ መጣች፣ ዘይቱና፣
በበርሜሉና በጥርሱ መሐል ጥፍሯን ከታ
‹ይህን ያህል ነው› አለች።
አሁን ግማሹ የእሷ ነው።»

«ሌሎችስ ቀዱት?»
«ከአጋሮ እስከ ሊሙ፣ አራት ብየዳ ቤት።
አንዱማ ስህተቴን ጭምር ነው የቀዳው።»
«ፍም ነው እንግዲህ፣ አይጎድልም» አልኩት፣ መጽሐፌን ታምኜ።
ሳቀ። «አይጎድልም፣ መምህር።
የዚያን ዓመት ግን የልጆቼን ደብተር
በዱቤ ነው የገዛሁት።»

አሁን መጥሪያው ጭኔ ላይ ነው።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣
አዌቱ ሞልቶ ከድልድዩ በታች ያጉረመርማል።
ቀይ እስክሪብቶ ፈልጌ፣ ጫፉን በምራቄ አርሼ፣
የነስሩን ልሰርዝ አልኩና ተውኩት፤
ከአርባ አንዱ ግርጌ ባዶ መስመር ነበር፣
የራሴን ስም ጻፍኩበት፣
ትይዩውንም፦ ቀሪ።

አልጋዬ እስኪመለስለት በሦስት እግሩ ነው።
በአራተኛው በኩል
እነዚያን ወፍራም መጻሕፍት ደርድሬበታለሁ፤
ትንሽ ያዘነብላል።