የማስተማር ልምድ

ከሌሊት ፈረቃ ገባሁ፤ አፉላ አልነጋም፣
ሁለት ኮርስ ከፊቴ፤ ልቤ አልቆረጠም።
አንደኛው ርካሽ ነው፣ በስልክ የሚያልቅ፣
ፊቴን የማያይ፣ ስሜን የማይጠይቅ።
ሌላው ሃይፋ ድረስ ወር ሙሉ መመላለስ፣
ሰው ፊት መንተባተብ፣ ነጭ ላብ ማፍሰስ፤
ደመወዜን እስካጥንቱ የሚግጥ።

አባቴ ሳቀብኝ፦ «እንግሊዝኛ? ለቬትናም ልጅ?
እኛ'ኮ ለዕብራይስጡም ገና ነን ከደጅ!»

የሃይፋው ቅጽ ጠየቀ፦ የማስተማር ልምድ?
«የለም» ልጽፍ ስል ታየኝ ያ መንገድ፦
በስምንት ዓመቴ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ፣
አባቴ ሰሌዳውን ከግራ ሲያይ፣
«ከቀኝ ጀምር፣ አባ» ብዬ ጣቱን ስመራው፣
በአምስት ፊደል የከተማችንን ስም ስንጠራው።
ሦስት አውቶቡስ አለፈን።

ጻፍሁ፦ «አንድ ተማሪ፤ ፈረደ ይርጋ፤
ዛሬም በጣቱ ያነባል።»

ከበሩ ላይ ሆኖ
«ቀኝ ያውልሽ» ይላል።