ሌሊቱን መሸርፈፍ

ውጭው በረዶ ነው፣ ጨለማው በረዶ፤
የታምፔሬ ሐይቅ ዝም ብሏል፣ መርጋቱን ተላምዶ።
ተነሣሁ ቀስ ብዬ፣ ወለሉ ሳይነቃ፣
ከቀኑ ልሰርቅ አንድ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት፣ በቃ።

ዕቅዴ ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል፦
ለትራም ነጂ ጀርባዬ ሩብ ሰዓት ተጽፏል፤
ሃያ ደቂቃ ደግሞ ለፈተናው ማንበብ፣
ከዚያ የአጃ ገንፎ፣
ከዚያ ከማሞቂያው ላይ ጓንት መሰብሰብ።

መጽሐፉን ገልጬ ሳልጨርስ አንድ መስመር፣
ኦይቫ በሩ ላይ፣ ካልሲ ባንድ እግር፦
«ለምን ሳትጠሪኝ ጠዋቱን ጀመርሽው?»
አምስት ዓመቱ ነው። ምን ብዬ ልመልሰው?

አስር ተኩል ሞከርኩ፤ አስር ተኩል መጣ።
አስር ሰዓት አልኩ፤ ብርድ ልብሱን እየጎተተ ከመኝታው ወጣ።
ሌሊቱን ሸርፌ ሸርፌ ምን ላመጣ!

ወረቀቱን በቃ ከመሃል ቀደድኩት፤
ግማሹን ከእርሳስ ጋር ለኦይቫ ሰጠሁት።
እኔ ሳነብ ትራም ይስላል፣ ገንፎ በነካው ጣት፣
ሐዲዱ ጠማማ፣ መስኮቱ ሰባት።
ሾፌር ግን የለውም። «የታለች?» ብለው፣
«ተኝታለች» አለኝ፣
ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንዳልቀሰቅሳት ነው።

አስራ ሁለት ከሩብ። ትራሙ ይጠብቃል።
የግራ እጅ ጓንት ግን
ዛሬም የት እንዳለ እግዜር ብቻ ያውቃል።