ጥያቄ ያለው አለ?

ከሳባርማቲ ወንዝ ማዶ፣ ከተዘጋው ፋብሪካ ጀርባ፣
ሃያ ሰው ተሰልፎ ከአዳራሹ ገባ።
ቁርስ አልቀመሱም፤ ደንቡ ጾም ይላል ለደሙ፤
ሸሚዝ እስከ አንገት ቆልፈው፣ እንደ ተማሪ ቆሙ።

እኔ ሄማንጊ ነኝ። የማንበብ ሥራ አለኝ፤
ሃያ ሦስት ገጽ ነው፣ በእንግሊዝኛ የሚመጣልኝ፤
በጉጃራቲ እመነዝረዋለሁ፣
እንደ ድፍን ብር ዘርዝሬ አድላለሁ።

«ማቅለሽለሽ ሊኖር ይችላል፤ ራስ ያዞር ይሆናል፤
ጉበት . . . ጉበትም አልፎ አልፎ ይጎዳል።
ጥሎ መውጣት መብት ነው፣ በማናቸውም ጊዜ።»
ድምፄ የባቡር ጣቢያ ድምፅ ነው፤ የለበትም ትካዜ።

«ጥያቄ ያለው አለ?»
ማራገቢያው ብቻ ይንቋቋል ከላይ።
ከኋላ አንድ እጅ ተነሣ፦ «ምሳ ስንት ሰዓት ነው? ሩዝ አለው ወይ?»
ሌላው ቀጠለ፦ «እምቢ ብዬ ብወጣ፣
የአውቶብሱ መመለሻ ከማን ኪስ ሊመጣ?»
ገጽ በገጽ ገለበጥሁ፤ ሃያ ሦስቱንም ፈተሽሁ።
ይህን ያሰበ የለም። «እጠይቃለሁ» አልሁ።

የማንሱክ ተራ ደረሰ። እጅጌውን ሰበሰበ፤
ክንዱ ላይ የሕፃን ፓውደር፣ በላብ የረጠበ፤
ከሥሩ የመርፌ ፋና፣ ገና ያልጠቆረ።
ዘጠኝ ቀን ቢሆነው ነው። ደንቡ ዘጠና ነበረ።
በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣
የሌላ ኩባንያ መድኃኒት አልወጣም ከዚያ ደም።

አየሁት።
ማየቴን አየ።
ብናገር ባዶ እጁን ይገባል ከቤቱ፤
ዝም ብል ሁለት እንግዳ ይጣላሉ ከአንጀቱ።
እና ምን አደረግሁ?
የቀለሙን ሳጥን ወደ አውራ ጣቱ ገፋሁ።

ከአሻራው በላይ «በፈቃዱ» የሚል ቃል ታትሟል፤
የእሱ ፈቃድ ይሁን የሆዱ፣ ማን ይለየዋል?

ሪፖርቱ ወጣ በስድስተኛው ሳምንት።
ንጹሕ ሠንጠረዥ። ከግርጌው አንድ መሥመር፣ በደቃቅ ፊደላት፦
«ተሳታፊ አሥራ አራት፤ አቋረጠ፤ ምክንያት አልሰጠም።»
ሦስት ጊዜ ደወልሁ። ስልኩ ይጠራል እንጂ አይነሣም።

ማታ ማታ ለእናቴ የግፊት ክኒኗን እሰጣለሁ፤
ነጭ ናት፣ ኢምንት፣ ወገቧ ላይ መሥመር አለ።
አልዋሽም፤ ግፊቷ ወርዷል። ደረጃ ትወጣለች፤
ከጎረቤት ጋር መጨቃጨቅ እንደገና ጀምራለች።

«ይመራል» አለችኝ ትናንት፤ «ሰው ቀምሶት ያውቃል?»
ብርጭቆውን ማጠብ ጀመርሁ።
ከጠራ ቆይቷል፤ ውኃው ግን አሁንም ይፈስሳል።